«ትንሽ የበላ ብዙ ይኖራል»፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቲክቶክ ላይ «ቁርስህን ዝለል፣ መቶ ዓመት ኑር» የሚል መካሪ ሞልቷል። ወሬው ከባዶ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1935 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ክላይቭ ማኬይና ባልደረቦቹ ካሎሪ የተቀነሰባቸው አይጦች ጠግበው ከሚበሉት በላይ ዕድሜ እንዳገኙ ጻፉ። ከዚያ ወዲህ በእርሾ፣ በትልና በዝንብ ተሞክሮ በአብዛኛው ሠርቷል። ግን ነገሩ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ስልካችን እስኪደርስ ብዙ ተጨምሮበታል፣ ብዙም ተቆርጦበታል።

«ያው መራብ ማለት ነው»

አይደለም። በሙከራው የሚቀነሰው ካሎሪ ነው፤ ቫይታሚኑና ማዕድኑ ተሟልቶ ይቀርባል። ረሃብ ሌላ ነው። የ77ቱን ክፉ ቀን ላየ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። በ1945 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ 36 ጤነኛ ወጣቶች ፈቅደው ለ24 ሳምንት ምግባቸው በግማሽ ገደማ ተቀንሶ ነበር። ክብደታቸው በሩብ ያህል ወረደ። ብርድ አይችሉም፣ በትንሽ በትልቁ ይነጫነጫሉ፣ ወሬያቸው ሁሉ ምግብ ሆነ። አንዳንዶቹማ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ይሰበስቡ ጀመር።

«በጦጣ ተረጋግጧል፣ አለቀ»

እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ፤ ታሪኩ ደስ ይላል። አሜሪካ ውስጥ ሁለት ቡድኖች ሪሰስ በተባሉ ጦጣዎች ላይ ረጅም ሙከራ ጀመሩ። አንዱ በ1987 የጀመረው ብሔራዊ የእርጅና ተቋም ነው፤ ሌላው በ1989 የጀመረው የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ። ሁለቱም ከምግቡ 30 በመቶ ያህል ቀነሱ። በ2009 ዊስኮንሲኖች «ከእርጅና ጋር የተያያዘ ሞት ቀንሷል» አሉ። በ2012 ደግሞ ተቋሙ «እኛ ጋ ዕድሜ አልረዘመም» ብሎ መጣ። ሰዉ ግራ ተጋባ።

ምክንያቱ ሳህኑ ላይ ነበር። የዊስኮንሲን ጦጣዎች ምግብ ከሩብ በላይ ስኳር ነበረው፤ የተቋሙ ግን ከ4 በመቶ በታች። ደግሞ በዊስኮንሲን ለማነጻጸሪያ የተያዙት ጦጣዎች ያሻቸውን ያህል ይበሉ ነበር፤ በተቋሙ ግን እነሱም የሚሰጣቸው በልክ ነበር። ከመጠን በላይ ከሚበላ ጋር ከተወዳደርክ ማሸነፍ ቀላል ነው። በ2017 ሁለቱ ቡድኖች መረጃቸውን አንድ ላይ አይተው ጥቅሙ እውነት እንደሆነ፣ ነገር ግን በምግቡ ዓይነት፣ በተጀመረበት ዕድሜና በፆታ እንደሚለያይ ጻፉ። እኔ ከዚህ የምወስደው፣ «ምን ያህል ተቀነሰ?» ከማለት በፊት «ከምን ላይ?» ብሎ መጠየቅን ነው።

«ብዙ በቀነስክ ቁጥር ብዙ ትኖራለህ»

በ2010 በወጣ ጥናት ከ40 በላይ የአይጥ ዝርያዎች ምግባቸው በ40 በመቶ ተቀንሶ ነበር። ዕድሜያቸው ከረዘመው ይልቅ ያጠረባቸው ዝርያዎች በዙ! በ2024 ደግሞ ወደ 960 የሚጠጉ ሴት አይጦች ተጠንተው፣ በአማካይ ብዙ የተቀነሰባቸው ረጅም ኖሩ። ከነሱ መካከል ግን የበለጠ የኖሩት የከሱት አልነበሩም፤ ክብደታቸውን ይዘው የቆዩት ናቸው። የዘር ውርስ ደግሞ ከምግቡም በላይ ወሳኝ ሆኖ ተገኘ።

«ስለምጾም እኔ አገኘሁት»

ጾም የራሱ ዓላማ አለው፣ እሱን ለነፍስ አባቶች እንተወው። ከካሎሪ አንጻር ግን ከሥጋና ከወተት መከልከል ማለት ትንሽ መብላት ማለት አይደለም። ዘይት የጠጣ ሳምቡሳ፣ በላዩ ሁለት ሽሮ ፈሰስ፣ ከዚያ ስኳር የበዛበት ሻይ... ሂሳቡን እናንተ ሥሩት። አፍጥር ላይም ያው ነው። ሰዓት ብቻውን ተአምር አይሠራም። በ2022 ቻይና ውስጥ 139 ከልክ በላይ ወፍራም ሰዎች ለአንድ ዓመት ካሎሪ ቀነሱ። ግማሾቹ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ብቻ እንዲበሉም ተደረገ። በክብደት ረገድ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም።

«ሰውነትን ከሁሉ ነገር ይጠብቃል»

ግማሽ እውነት ነው። ምግብ ሲያንስ ሴል አሮጌና የተበላሹ ክፍሎቹን ፈጭቶ እንደገና ይጠቀምባቸዋል። ይህ እንዴት እንደሚሠራ በተራበ እርሾ ላይ ያሳየው ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ በ2016 ኖቤል ተሸልሞበታል። ደም ለጥቂት ጊዜ ከኩላሊታቸው የተቋረጠባቸው አይጦችም አስቀድመው ጥቂት ቀን ከጾሙ ጉዳቱን በተሻለ ይቋቋማሉ። ግን ምግብ የተቀነሰባቸው ያረጁ አይጦች ኢንፍሉዌንዛ ሲይዛቸው ጠግበው ከበሉት በላይ ሞተዋል። አንዱን ጉዳት የሚችል ሰውነት ሌላውን ላይችል ይችላል።

«በሰውም ተሞክሮ ዕድሜ ጨምሯል»

ይህን ለማየት ዕድሜ ልክ የሚፈጅ ሙከራ ያስፈልጋል፤ እስካሁን የለም። ያለው «ካለሪ» (CALERIE) የተባለው የአሜሪካ ጥናት ነው፤ ከ200 በላይ ከልክ ያልወፈሩ ሰዎች፣ ሁለት ዓመት። እቅዱ 25 በመቶ መቀነስ ነበር፣ የቻሉት 12 በመቶ ገደማ ብቻ። ሰው ነዋ! የደም ግፊትና ኮሌስትሮል ተሻሻለ። የእርጅናን ፍጥነት የሚለካ አንድ የደም ምርመራ ከ2 እስከ 3 በመቶ መዘግየት አሳየ፤ ሌሎቹ መለኪያዎች ግን ምንም አላዩም። የአጥንት ጥግግትም በትንሹ ቀንሷል።

«ቢጠቅም እንጂ አይጎዳም»

ነፍሰ ጡር፣ የሚያድግ ልጅ፣ ጡንቻቸው እየሳሳ ያሉ አዛውንት ይጎዳሉ። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ደግሞ መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ሳያስተካክል ምግብ ቢዘል ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል።