ደብረ ዳሞ፦ በገመድ የሚወጣ ገዳም

ደብረ ዳሞ በሰሜን ትግራይ፣ ከአዲግራት በስተምዕራብ የሚገኝ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የወንዶች ገዳም ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው አምባ አናቱ ሜዳ፣ ዙሪያው ገደል ነው።

ተሳላሚው ወደ ላይ የሚደርሰው 15 ሜትር ያህል የሚሆነውን ቀጥ ያለ ግድግዳ በገመድ ወጥቶ ነው። ከቆዳ የተገመደውን ወፍራም ጠፍር በእጁ ጨብጦ፣ እግሩን በዓለቱ ላይ እያሳረፈ ሲወጣ፣ ወገቡ ላይ የታሰረውን ሌላ ገመድ ከላይ ያለ መነኩሴ ይስብለታል። ጥንካሬው እጅ ላይ ብቻ ያለ የሚመስለው ሰው ቶሎ ይደክማል፤ አወጣጡ ይበልጥ የእግር ሥራ ነው።

ገዳሙን የመሠረቱት በ6ኛው መቶ ዘመን ከተስዓቱ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት አቡነ አረጋዊ ናቸው። በገድላቸው እንደሚተረከው፣ ቅዱስ ሚካኤል እየጠበቃቸው ዘንዶ ተሸክሞ ከአምባው አድርሷቸዋል፤ ዛሬ የሚንጠለጠለው ገመድም የዚያ ዘንዶ ምሳሌ ተደርጎ ይታያል። ቤተ ክርስቲያኑን ያሳነጹት የዐፄ ካሌብ ልጅ ዐፄ ገብረ መስቀል እንደሆኑ፣ ለግንባታው የተሠራው መወጣጫም ሥራው ሲያልቅ በአቡነ አረጋዊ ትእዛዝ እንደፈረሰ ይነገራል። የአምባው ስም «ዳህምሞ»፣ ማለትም «አፍርሰው»፣ ከሚለው ቃል መጣ የሚባለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሕንፃው ብቻውን ድካሙን የሚያስረሳ ነው። ግንቡ ድንጋይና እንጨት እየተፈራረቁ የተደረደሩበት ሲሆን፣ «የዝንጀሮ ራስ» የሚባሉት የእንጨት ጫፎች ወደ ውጭ ብቅ ብለው ይታያሉ፤ በአክሱም ሐውልቶች ላይ በድንጋይ የተቀረጸው አሠራር እዚህ በእውነተኛ እንጨት ይገኛል። በጣሪያው ጠርብ ላይ አንበሳና ዝሆንን የመሳሰሉ እንስሳት ተቀርጸዋል። ሕንፃው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ በእንግሊዛዊው አርክቴክት ዴሬክ ማቲውስ መሪነት ታድሷል። በአምባው ላይ ከተገኙት ቅርሶች መካከል ከሕንድ በኩል የመጡ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞች ይገኙበታል፤ አክሱም በባሕር ንግድ ምን ያህል ርቃ ትደርስ እንደነበር ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ ጥቂት ነው።

ገደሉ በክፉ ቀንም መጠጊያ ሆኗል፤ በግራኝ አሕመድ ዘመን ዐፄ ልብነ ድንግል ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1540 በዚሁ አምባ ነው።

ሴቶች፣ እንዲሁም እንስት የቤት እንስሳት፣ ወደ ላይ አይወጡም፤ ሴት ምእመናን የሚሳለሙት ከግርጌው ሆነው ነው። መነኮሳቱ የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅሙት ከዓለት በተፈለፈሉ ጉድጓዶች ነው። የአቡነ አረጋዊ በዓል በሆነው በጥቅምት 14 ከየአገሩ የሚመጣው ምእመን ስለሚበዛ፣ ገመዱ ሥር ረጅም ሰልፍ ይሠራል።