ዲ ስኮር ምንድን ነው? (ዳኛ "የሚሰጥህ" ማርክ አይደለም)

እሺ አሁንስ በዛ። የፓሪስ 2024 ኦሊምፒክ የሴቶች ጂምናስቲክ የፍሎር (ምንጣፍ ላይ የሚሰራው) ፍጻሜ፣ አሜሪካዊቷ ሲሞን ባይልስ ያለችበት ክሊፕ እንደገና በተለቀቀ ቁጥር አንዱ ከስሩ ይመጣና "ለባይልስ 6.9 ብቻ ነው የሰጧት፣ ከ10 6.9 እኮ ዘረፋ ነው" ይላል፣ ሌላው ይቀበልና "ከመስመር ስለወጣች ዲ ስኮሯን ቀነሱባት" ይላል፣ ሰሞኑን ደግሞ አንድ የኤፍኤም ጋዜጠኛ ያንኑ ነገር በሬዲዮ ደገመውና አረፈው። ወንድሜ፣ 6.9 በዚያ ፍጻሜ ላይ እጅግ ትልቅ ቁጥር ነው። ከ10ም አይደለም፣ ከ20ም አይደለም። ዲ ስኮር "ከስንት?" ተብሎ አይጠየቅም፣ ጣሪያ የለውማ።

ባጭሩ ዲ ስኮር የሰራሃቸው እንቅስቃሴዎች ዋጋ ድምር ነው፣ በቃ። ካፌ ገብተህ ሂሳብ ስትጠይቅ የሚመጣልህን ወረቀት አስበው (አራት ኪሎ ይሁን ፒያሳ ከተረፉት አንዱ ቤት፣ ምርጫው ያንተ)። አስተናጋጇ ማኪያቶው ይጣፍጥህ አይጣፍጥህ ወረቀቱ ላይ አትጽፍም፤ ጠረጴዛህ ላይ የቀረበውን ከነዋጋው ደምራ ታመጣለች። የዲ ዳኞች፣ ሁለት ናቸው፣ ስራቸው ይሄው ነው። ሜኑው ደግሞ የዓለም አቀፉ የጂምናስቲክ ፌዴሬሽን የነጥብ መመሪያ ነው። እዚያ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ዋጋ አለው፣ ኤ የሆነው 0.1፣ ቢ 0.2፣ ሲ 0.3 እያለ ይወጣና ጄ ላይ 1.0 ይደርሳል። በሴቶች ከሰራሽው ውስጥ ውድ የሆኑት 8ቱ ይደመራሉ፣ ከዚያ አራት መሟላት ያለባቸው ነገሮች አሉ እያንዳንዳቸው 0.5፣ ሁሉንም ካሟላሽ 2.0፣ ከዛ እንቅስቃሴ ከእንቅስቃሴ ሳይቋረጥ ሲያያዝ የሚጨመር ቦነስ አለ። እዚህ ጋ ምሳሌዬ ትንሽ ይንገዳገዳል፣ ምክንያቱም ቦምቦሊኖና ሻይ አከታትለህ ስላዘዝክ ዋጋ የሚጨምርብህ ካፌ የለም። አንድ እንቅስቃሴ ሁለቴ ብትሰራም ሁለተኛው አይቆጠርልህም፣ ካፌ ግን ሁለተኛውን ማኪያቶ እንኳን ሊተውልህ።

"ጣፈጠኝ አልጣፈጠኝም" የሚለው ሌላ ወረቀት ላይ ነው፣ እሱ ኢ ስኮር ነው። እሱ ከ10 ይጀምርና ይቀነሳል፣ ለትንሽ ስህተት 0.1፣ መካከለኛ 0.3፣ ትልቅ 0.5፣ መውደቅ 1.0። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው የናዲያ ኮማኔች የ1976 የሞንትሪያል 10 አንድ ላይ የተጠቀለለ ውጤት ነበር፣ ያ አሰራር 2006 ላይ ቀርቷል። ከዚያ በኋላ ለሁለት የተከፈለ ነው፣ የመጨረሻው ውጤት የዲና የኢ ድምር ነው፣ አሁንም "10 ለምን አላገኘችም" የምትል ካለህ እባክህ ተወኝ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። "ወደቀች ስለዚህ ዲ ስኮሯ ወረደ"። ኸረ አይደለም! ሰርታው በእግሯ አርፋ ከዚያ ቂጧ ላይ ከተቀመጠች እንቅስቃሴው ይቆጠርላታል፣ ሙሉ ዋጋውን ታገኛለች፣ 1.0 የሚቆረጠው ከኢ ነው። ስኒው ጠረጴዛህ ላይ ደርሶ አንተ ከደፋኸው ትከፍላለህ አይደል? እንደዛ ነው። መጀመሪያ መሬት የነካው እግሯ ካልሆነ ግን፣ ማለትም በጉልበቷ ወይ በእጇ ካረፈች፣ አስተናጋጇ መንገድ ላይ ደፋችው ማለት ነው፣ ወረቀቱ ላይ አይገባም። እና መውደቅ ዲን የሚነካበት መንገድ አለ፣ ግን ኮሜንተሩ ባለው መንገድ አይደለም። ሌላው በብዛት ዲን የሚበላው ማንም የማያየው ነገር ነው፣ ዘላ ስትዞር ዙሩ 30 ዲግሪ ወይ ከዚያ በላይ ከጎደለ እንደታቀደው ሳይሆን እንደ ሌላ፣ ርካሽ እንቅስቃሴ ይቆጠራል። ማኪያቶ አዝዘህ ወተት ከመጣልህ የሚጻፈው ወተት ነው። ስለዚህ ውድድሩ ሳይጀመር ኮሜንታተሩ የሚያነበው "ዲ ስኮሯ 6.9 ነው" የሚለው ትእዛዝ ነው እንጂ ሂሳብ አይደለም፣ ሂሳቡ ሰርታ ስትጨርስ ነው የሚወጣው።

የፓሪሱን ቁጥር ራሱን እንየው። ባይልስ ዲ 6.9፣ ኢ 7.833፣ ሁለቴ በሁለት እግሯ ከመስመር ስለወጣች በእያንዳንዱ 0.3 በድምሩ 0.6 ተቀነሰ፣ 14.133። ብራዚላዊቷ ሬቤካ አንድራዴ ዲ 5.9፣ ኢ 8.266፣ 14.166። ባይልስ በዲ አንድ ሙሉ ነጥብ በልጣ ብር ወሰደች። የመስመሩ ቅጣት ከዲም ከኢም አይደለም፣ መጨረሻ ላይ ለብቻው ነው የሚነሳው፣ ስክሪኑ ላይ ለብቻው ከነመቀነሻው ተጽፎ ታየዋለህ። እንግዲህ ዘረፋው የቱ ጋ ነው?

የዚያኑ ቀን የሌላዋ አሜሪካዊት የጆርዳን ቻይልስም ነገር አለ፣ እሱ ላይ የተባለው ደግሞ ይባስ፣ "አሰልጣኟ ስትለማመጥ ጨመሩላት" ተባለ። መጀመሪያ 13.666 ነበረች። አንድ የዝላይ ዙሯ ሙሉ አልሆነም ተብሎ ዝቅ ብሎ ስለተቆጠረ አሰልጣኟ ይታይልኝ አለች፣ ዳኞች ቪዲዮ አይተው 0.1 መለሱላት፣ 13.766፣ ሶስተኛ። ልብ በል፣ ይታይልኝ የሚባለው ዲ ላይ ነው፣ ኢ ላይ "ጉልበቷ አልታጠፈም ነበር" ብለህ አቤት ማለት አትችልም። ሂሳብ ላይ "ይሄን አላዘዝኩም" ትላለህ፣ "ይሄ ማኪያቶ ከ10 ስምንት ነው" ብለህ ግን ቅናሽ አትጠይቅም። ከዚያ ሩማንያዎች ጉዳዩን ወደ ስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ወሰዱት፣ መጨረሻ ላይ ለተወዳደረች ልጅ የሚፈቀደው 1 ደቂቃ ነው፣ ጥያቄው የቀረበው በ4 ሰከንድ ዘግይቶ ነው ተባለና 13.700 የነበራት ሩማንያዊቷ አና ባርቦሱ ነሐሱን ወሰደች። 4 ሰከንድ! ሯጭ ለለመደ ሰው ብዙ ነው፣ እዛ ጭንቅ ውስጥ ግን ምንም ማለት አይደለም። ያም ሆነ ይህ ክርክሩ ሰዓቱ ላይ ነበር፣ ዙሩ ሙሉ ነው አይደለም የሚለው ላይ አልነበረም።

ሂሳብ ከቤቱ ሳትወጣ ነው የሚጣራው፣ ይሄ ድሮም ነበር። አቴንስ 2004 ላይ የደቡብ ኮሪያው ያንግ ቴ ዮንግ ፓራለል ባር (ሁለቱ ትይዩ ዘንጎች) ላይ መነሻ ነጥቡ፣ ያኔ ቅነሳው የሚጀምርበት ቁጥር፣ 10 መሆን ሲገባው 9.9 ተባለ፣ በመጨረሻ አሜሪካዊው ፖል ሃም ወርቅ ሲወስድ ልዩነታቸው 0.049 ነበር። ፌዴሬሽኑ ስህተቱን አምኖ ዳኞቹን አገደ፣ ውጤቱ ግን አልተነካም፣ አቤቱታው በሰዓቱ አልቀረበማ።

አንድ ነገር ግን ልመን፣ ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ ሁሌ የድካሙን ያህል አይደለም። ባይልስ 2019 ሽቱትጋርት ላይ ከቢም (ጠባቡ ሚዛን መጠበቂያ እንጨት) ስትወርድ ሁለት ግልባጭ ከሁለት ዙር ጋር ስትሰራ ኤች፣ 0.8 ብቻ ተባለላት፣ ፌዴሬሽኑም የአትሌቶችን ደህንነት ጭምር አይቼ ነው አለ፣ ሌሎች ሳይችሉት እንዳይሞክሩት ማለቱ ነው። እሷ አልተዋጠላትም፣ እኔም ግማሽ ልቤ ከሷ ጋር ነው። ግማሹ ግን የአሰልጣኝ ልብ ነው፣ መስቀል አደባባይ ደረጃው ስር ሲሚንቶ ላይ ወደ ኋላ የሚገለበጡ ልጆችን ባየ ቁጥር ዓይኑን ይጨፍናል። ቪዲዮ አይታችሁ ፍራሽና የሚይዛችሁ ሰው ሳይኖር አትሞክሩ፣ ካልጠየቃችሁኝም እላችኋለሁ።

ወላጆችም "ልጄ ዲዋን መቼ ነው የምትጨምረው" ትሉኛላችሁ። እስቲ አብረን እንደምር፣ ቢ የነበረውን ወደ ሲ ብንቀይረው 0.1 አገኘን፣ ገና ስላልለመደችው ጉልበቷ ቢታጠፍ 0.3 ሄደ፣ ስታርፍ አንድ እርምጃ ብትራመድ ሌላ 0.1። አተረፍን ወይስ ከሰርን? ለዛ ነው ስድስት ወር ሙሉ ጉልበት ዝጊ፣ ጣት ዘርጊ፣ እጅ ላይ ቁሚ ስል የምከርመው፣ አሰልጣኙ ሰነፍ ሆኖ አይደለም።

ሌላ፣ መመሪያው በየአራት ዓመቱ ይቀየራል፣ ዋጋዎቹም አብረው ይወጣሉ ይወርዳሉ። ወንዶቹ እስከ 2024 ድረስ 10 እንቅስቃሴ ነበር የሚቆጠርላቸው፣ ከ2025 ጀምሮ 8 ሆኗል፣ ስለዚህ የወንዶቹ ዲ ቁጥር ዝቅ ብሎ ብታዩ ደከሙ ማለት አይደለም። የ2012ን፣ የ2016ንና የ2024ን ዲ ስኮር ደርድረህ "ማን ትበልጣለች" የሚል ሰንጠረዥ የለጠፍክ ልጅ፣ አውርደው።