ነፍጥ፣ መብትና የፀጉር ቤት ክርክር

አራት ኪሎ፣ ከድል ሐውልቱ ትንሽ ዝቅ ብላ ባለች ፀጉር ቤት ወረፋ እየጠበቅሁ ነበር። ቴሌቪዥኑ ስለ አሜሪካ የመሣሪያ ክርክር ያወራል። አንድ ወጣት «እነሱ እኮ መብታቸው ነው፤ ለእኛም ቢፈቀድ ሌባ አይደፍረንም» አለ። ከአጠገቤ የተቀመጡ ጋሼ ቀጠሉ፦ «የአበሻ ወንድ መቼ ነፍጡን ተቆጣጠሩት!» ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል የተወረወረው ሁሉ በጆሮዬ ቀረ። እነሆ አንድ በአንድ።

«መሣሪያ መያዝ እንደ አሜሪካኖቹ ሕገ መንግሥታዊ መብታችን ነው።»

አይደለም። የአሜሪካኖቹ መብት የሚመነጨው በ1791 እ.ኤ.አ. ከጸደቀው ሁለተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው። የእኛ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሕይወትን፣ የአካል ደኅንነትንና ንብረትን ያስከብራል፤ ለግለሰብ የመታጠቅ መብት የሚሰጥ አንቀጽ ግን የለውም። እንዲያውም አንቀጽ 30 ላይ መሣሪያ ይነሣል፤ የሚነሣው ግን ሰው «መሣሪያ ሳይዝ በሰላም» የመሰብሰብ መብት አለው ለማለት ነው። ጉዳዩን የሚገዛው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሲሆን፣ መነሻው መብት ሳይሆን ፈቃድ ነው። ስለዚህ «ሲቪል ሰው ጨርሶ አይፈቀድለትም» የሚለውም ልክ አይደለም።

«አሜሪካ ማንም ገብቶ እንደ ዳቦ ይገዛል።»

ይህ ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ለማረም ያስቸግራል። በ1968 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ በከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው መሣሪያ እንዳይዝ ይከለክላል፤ የ1993ቱ ደግሞ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ከመሸጡ በፊት የገዢው ማንነት እንዲጣራ ያስገድዳል። ቀዳዳው ግለሰብ ለግለሰብ ሲሸጥ ነው፤ የፌዴራሉ ሕግ እዚያ ላይ ማጣራትን አያስገድድም፤ የሚያስገድዱ ግዛቶች አሉ፣ የማያስገድዱም አሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በ2008 እ.ኤ.አ. መብቱ የግለሰብ ነው ብሎ ሲወስን፣ በዚያው ፍርድ ወሰን የሌለው መብት አይደለም አለ። በ2024 ደግሞ በቤት ውስጥ ጥቃት ምክንያት የፍርድ ቤት ትእዛዝ የወጣበት ሰው መሣሪያ እንዳይዝ መከልከሉን አጸና። በስምንት ድምፅ ለአንድ።

«ዓድዋ ላይ ያሸነፍነው ሁሉም እንደፈለገ ስለታጠቀ ነው፤ ቁጥጥር የባዕድ ነገር ነው።»

ጋሼ እዚህ ላይ ድምፃቸው ከፍ አለ፤ እኔም ቸኩዬ አላልፈውም። ጠመንጃው ከሰማይ አልወረደም። ምኒልክ ከፈረንሳይ፣ ከሩሲያ፣ ከራሷ ከጣልያን ሳይቀር ለዓመታት ሰበሰቡት። ስሞቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ፦ ውጅግራ የፈረንሳዩ ግራ ነው፣ ሰናድር የእንግሊዙ ስናይደር። ብዙው ከግምጃ ቤት ወጥቶ ለወታደር የታደለ የመንግሥት መሣሪያ ነበር፤ በጎራዴና በጋሻ የዘመተውም ጥቂት አልነበረም። እና ይህ ድል «ሁሉም በግሉ ታጠቀ» ከሚለው ይልቅ መንግሥት ምን ያህል አርቆ አስቦ እንዳከማቸ የሚናገር ነው።

ይሁንና ጋሼ ያልጠቀሱት፣ ለእሳቸው የሚመሰክር ታሪክም አለ። አውሮፓውያን በ1890 እ.ኤ.አ. ብራሰልስ ላይ ዘመናዊ ጠመንጃ ወደ ሰፊው የአፍሪካ ክፍል እንዳይገባ ሲዋዋሉ፣ ከተገለጸው ምክንያት አንዱ የባሪያ ንግድን ማስቆም ነበር፤ አፍሪካዊው ግን መከላከያ አጣበት። በ1928ቱ የጣልያን ወረራ ዋዜማ ኃያላኑ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ጣልያን ፋብሪካ ነበራት፤ እኛ አልነበረንም። ቁጥጥር ሁልጊዜ ለደካማው ይጠቅማል ብሎ የሚከራከር ሰው ይህን ታሪክ ይመልከት። በሌላ በኩል ኢትዮጵያ ራሷ በ1930 እ.ኤ.አ. ከሦስቱ ጎረቤት ገዢዎች፣ ከብሪታንያ፣ ከፈረንሳይና ከጣልያን ጋር የመሣሪያ አገባብን የሚወስን ውል ተፈራርማለች። ቁጥጥር ባዕድ ነው ማለት አልተቻለም፤ ጥያቄው ማን ይቆጣጠር የሚል ነበር።

«ግቢዬ የገባን ሌባ ብገድለው ሕግ አይነካኝም።»

አደገኛው ይህ ነው፤ ወጣቱም በሙሉ ልቡ ያምነዋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ራስን፣ ሌላ ሰውን ወይም ሕጋዊ መብትን መከላከልን ይፈቅዳል፤ ግን ጥቃቱ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ፣ በሌላ መንገድ ሊመለስ የማይችል፣ መከላከያውም ከአደጋው ጋር የሚመጣጠን መሆን አለበት። ካዛንቺስ ውስጥ የጋዝ ሲሊንደር ተሸክሞ አጥር የሚዘል ሌባ ጀርባው ላይ ቢተኮስ፣ የትኛው ጥቃት ነው የተመለሰው? ከልክ ያለፈውን መከላከል አንቀጽ 79 ያየዋል፤ ዳኛው ቅጣቱን ያቀልለታል፤ ከድንጋጤ ወይም ከፍርሃት የተነሣ መሆኑ አሳማኝ ከሆነ ከቅጣት ነፃ ሊያደርገውም ይችላል። እስከዚያ ድረስ ግን ጣቢያው፣ ጠበቃውና ቀጠሮው አሉ። ፀጉር አስተካካዩ ማሽኑን አጥፍቶ ያዳመጠው ይህችን ብቻ ነው።

«መሣሪያ የሚገድለው በወንበዴ እጅ ነው።»

አሜሪካ ውስጥ በ2021 በጥይት ከሞቱት 48,830 ሰዎች 26,328ቱ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ከግማሽ በላይ መሆኑ ነው። በጨለማ ሰዓት ላይ ያለ ሰው አጠገቡ ጠመንጃ መኖሩና አለመኖሩ ልዩነት ያመጣል፤ ስለ ሌባ በምንጮህበት ክርክር ይህ ፈጽሞ አይነሣም።

«ለደስታ ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ማንንም አይጎዳም።»

የወጣው ይወርዳል። በተለይ ዘንበል ብሎ የተተኮሰው ብዙ ፍጥነቱን እንደያዘ ይመለሳል፤ ሰው ገድሏል።

«ሕጉ ከጠበቀ ግድያ ይቆማል።»

የቁጥጥር ደጋፊዎችም የራሳቸው ተረት አላቸው። በመሣሪያ ሕጓ ጥብቅነት በምትጠቀሰው ጃፓን፣ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ በ2022 በቤት በተሠራ መሣሪያ ተገደሉ። ስዊዘርላንድ ደግሞ ብዙ መሣሪያ በሕዝብ እጅ ያለባት ሰላማዊ አገር ናት፤ ያለ ፈቃድና ያለ ምዝገባ ግን አይደለም። እዚሁ አዲስ አበባ የአፍሪካ መሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. በአህጉሪቱ እስከ 2020 የጠመንጃ ድምፅ እንዲጠፋ ቃል ገቡ፤ ኋላ ቀኑ ወደ 2030 ተዛወረ። የአፍሪካ ኅብረት መሣሪያውን በፈቃዱ ለሚያስረክብ ሰው ምሕረት የሚሰጥበት ወርም ሰይሟል፤ ሴፕቴምበርን፣ አብዛኛው የእኛ መስከረም የሚውልበትን።

ይህን ስነግራቸው ጋሼ ኮፍያቸውን አስተካክለው «መስከረም ላይ ሰው የሚያስበው በግ ነው» አሉና ወደ ወንበሩ ሄዱ፤ ተራቸው ደርሶ ነበር።