ለይላ ማለት ምን ማለት ነው?

ለይላ የዐረብኛ የሴት ስም ነው። የወጣው «ለይል» ከሚለው ቃል ሲሆን ለይል ማለት ሌሊት ነው። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት መዝገበ ቃላት አያሻውም፤ ለይል፣ ሌሊት እያለ ሁለቱን ቢያከታትላቸው ዝምድናቸውን ጆሮው ይነግረዋል። የግእዙ ሌሊት፣ የዐረብኛው ለይል፣ የዕብራይስጡ ላይላ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ማታ ሲሰነባበቱ የሚሉት «ላይላ ቶቭ» ውስጥም ያለው ይኸው ቃል ነው።

ስሙ ግን ተራዋን ሌሊት ብቻ አይጠራም። በዐረብኛ ሲጻፍ እንኳ የመጨረሻው ፊደል ከተራዋ ሌሊት ይለያል። የጥንት የቋንቋ ሊቃውንት «ለይላ ለይላእ» ከሚል አነጋገር ጋር ያያይዙታል፤ እጅግ የረዘመች፣ ጨለማዋ የበረታ ሌሊት ማለት ነው። የወይን ጠጅ ስካር ሲጀምር ያለችውን ለስላሳ ደስታም ለይላ ይሏት ነበር። «በሌሊት የተወለደች» የሚለው የተለመደ ፍቺ ለእኔ ስሙን ያሳንሰዋል።

ለመሆኑ ጨለማ እንዴት የሴት ልጅ ስም ይሆናል? እኛ እኮ ልጃችንን ፀሐይ እንላታለን። በደጋ አገር ሌሊቱ ብርድና የጅብ ድምፅ ነው፤ ጠዋት ወጥቶ ፀሐይ መሞቅ ደግሞ በረከት ነው። በዐረቢያ በረሃ ነገሩ ይገለበጣል። ቀን ፀሐይዋ ታቃጥላለች፤ ሰውም ግመልም ትንፋሽ የሚያገኘው ሲመሽ ነው። መንገደኛ በከዋክብት እየተመራ የሚጓዘው፣ ግጥም በእሳት ዙሪያ የሚደመጠው በሌሊት ነው። እኛ ልጃችንን ፀሐይ ስንል የምንመኝላትን ደስታ እነሱ በሌሊት ውስጥ አገኙት።

ስሙ ከእስልምና በፊትም የነበረ ነው። የታወቀው ባለቅኔ የዐምር ኢብኑ ኩልሱም እናት ለይላ ትባል ነበር። ሒራ የሚባለው የጥንት የዐረብ መንግሥት ንጉሥ ይህች ለይላ በግብዣ ላይ የእሱን እናት እንድታገለግልለት ፈለገ ይባላል። የንጉሡ እናት «ያንን ሳህን አቀብዪኝ» ስትላት ለይላ «ጉዳይ ያለው ለጉዳዩ ይነሣ» አለች። ሲያስገድዷትም ወገኖቿን እየጠራች «ውርደት!» ብላ ጮኸች፤ ልጇ ይህን ሰምቶ ተሰቅሎ የነበረውን ሰይፍ አነሣና ንጉሡን ገደለው።

ስሙን ዓለም ሁሉ ያወቀው ግን በሌላዋ ለይላ ነው። በ7ኛው መቶ ዘመን በመካከለኛው ዐረቢያ፣ በነጅድ ምድር፣ ከበኑ ዓሚር ጎሣ፣ ቀይስ የሚባል ወጣት ለይላን ወደደ። ስሟን በግጥም እየጠራ በአደባባይ አወጣው። በጊዜው ባህል ይህ ለቤተሰቧ ነውር ነበርና አባቷ ከለከለው፤ ለሌላ ዳሯት። ቀይስ ወደ በረሃ ሄዶ ከአራዊት ጋር ኖረ፤ ሰዎችም «መጅኑን» አሉት፣ ጂኒ የያዘው ማለት ነው። ቀይስ በእርግጥ የነበረ ሰው መሆኑን የተጠራጠሩ ጥንታውያን ነበሩ። ታሪኩን ግን ይህ አላቆመውም፤ እ.ኤ.አ. በ1188 ገጣሚው ኒዛሚ በፋርስኛ ሲገጥመው ከዐረብ ምድር አልፎ ሄደ። ሱፊዎች፣ ማለትም በእስልምና የመንፈሳዊ ምሥጢር መንገድ ተከታዮች፣ ደግሞ ለይላን ነፍስ የምትናፍቀው አምላክ ምሳሌ አደረጓት። ዐረቦች «ሁሉም ስለ ራሱ ለይላ ያዜማል» የሚሉት ከዚሁ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው የልቡን እያሰበ ይናገራል ለማለት።

እኔ ግን ከሁሉም ለይላዎች ልቤ የሚሄደው ወደ እኛ አገር ወደመጣችው ነው። ለይላ ቢንት አቢ ሐስማ እ.ኤ.አ. በ615 የመካን መከራ ሸሽተው ወደ ሐበሻ ከተሻገሩት የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች አንዷ ናት። የነቢዩ ልጅ ሩቀያም በዚያው ጉዞ ነበረች። ለይላ ራሷ እንደተረከችው፣ ለመንገድ ስትሰናዳ ዑመር ኢብኑል ኸጣብ መጣ። ያን ጊዜ ገና አልሰለመም፤ በሙስሊሞች ላይ የበረታ ሰው ነበር።

«የዐብዱላህ እናት፣ ጉዞ ነው እንዴ?» አላት።

«አዎ። አሠቃያችሁን፣ በደላችሁን። አላህ መውጫ እስኪሰጠን ወደ ምድሩ እንወጣለን» አለችው።

እሱም «አላህ አብሯችሁ ይሁን» ብሎ ሄደ። ከዚያ በፊት አይታበት የማታውቀውን ርኅራኄ ፊቱ ላይ አየች። ባሏ ዓሚር ሲመጣ ነገረችው። «ይሰልማል ብለሽ ተስፋ አደረግሽ? የኸጣብ አህያ ሳትሰልም እሱ አይሰልምም» አላት።

ባሕሩን ተሻግረው የሐበሻን ምድር ረገጡ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ መካ ውስጥ ዑመር ሰለመ።