የፍል ውሃው አሜባ መንገዱ አፍንጫ ነው

እዚህ ጅማ ፍል ውሃ ለመሄድ በታሰበ ቁጥር «ውሃው ቢዋጥ አሜባ ይይዘናል?» የሚል ጥያቄ ይመላለሳል። ሆድ የሚያመን አሜባ ሌላ፣ ይሄኛው ሌላ ነው። ኔግሌሪያ ፋውለሪ ይባላል፤ በሞቀ ጨው አልባ ውሃና በዙሪያው አፈር ይኖራል። ቢዋጥ አያሳምምም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። በአፍንጫ ገብቶ ግን አንጎል ይደርሳል።

እናት እስከ ደረቷ ተቀምጣ ብትታጠብ ስጋቷ ትንሽ ነው። ዘሎ የሚጠልቀው ልጇ ነው የሚያሳስበኝ። በ1978 እንደ ፈረንጆች፣ እንግሊዝ ባዝ ከተማ በፍል ውሃ የዋኘች ልጅ በዚሁ ሞታለች።

በሽታው ብርቅ ነው፤ ከያዘ ግን የሚተርፉት በጣም ጥቂት ናቸው። አሜባው መኖር አለመኖሩ እንደየምንጩና እንደየወቅቱ ይለያያል። የውሃው መጥራት ማረጋገጫ አይሆንም። ልጆች ጭንቅላታቸውን አያጥልቁ፣ ጭቃውንም አያማስሉ። ከዋኙ በኋላ በ12 ቀናት ውስጥ ከባድ ራስ ምታት፣ ትኩሳትና ትውከት ከመጣ ቶሎ ሐኪም ቤት ውሰዷቸው፤ ፍል ውሃ መግባታቸውንም ለሐኪሙ ንገሩ።