በቴሌስኮፕ ጋላክሲ ማየት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ብዙ የሚያጎላ ቴሌስኮፕ ጋላክሲን አጥርቶ ያሳያል»

ብዙዎችን ተስፋ የሚያስቆርጠው ይህ እምነት ነው። ለጋላክሲ ወሳኙ የሚሰበሰበው ብርሃን ነው፤ እሱም በዋናው መስታወት ስፋት ይወሰናል። ባለ 200 ሚሊ ሜትሩ ከባለ 100ው አራት እጥፍ ይሰበስባል። ማጉላት ግን ያንኑ ብርሃን በሰፊ ቦታ ይበትነዋል፤ ከልክ ሲያልፍ ጋላክሲውም ሰማዩም አብረው ይደበዝዙና ዐይን የሚለየው ነገር ያጣል።

የማጉላቱ ሂሳብ ቀላል ነው፦ የቴሌስኮፑን የትኩረት ርቀት ለዐይን ሌንሱ (ዐይናችንን ለምናስጠጋበት ትንሽ ሌንስ) የትኩረት ርቀት ማካፈል። 1200 ሚሊ ሜትር ለ25 ሲካፈል 48 እጥፍ ይሰጣል። ፍለጋውን በዚህ ይጀምሩ፤ ጋላክሲው ከተገኘ በኋላ በ12 ሚሊ ሜትር ሌንስ ወደ 100 እጥፍ ከፍ ማድረግ ይቻላል። ጎረቤታችን ጋላክሲ አንድሮሜዳ ግን ሰማይ ላይ ስድስት ሙሉ ጨረቃዎች ጎን ለጎን የሚይዙትን ያህል ስለምትረዝም በ48 እጥፍ እንኳ የሚታየው መሃሏ ብቻ ነው። ሙሉዋን ለማየት 10 በ50 ባይኖኩላር (10 እጥፍ የሚያጎላ፣ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ) ይሻላል።

«ፎቶው ላይ ያለውን ቀለም አያለሁ»

አይታይም። ቀለም የሚለዩት የዐይን ሕዋሳት በደብዛዛ ብርሃን አይሠሩም፤ ስለዚህ ጋላክሲ ግራጫ ጉም ይመስላል። ካሜራ ግን ለሰዓታት ብርሃን ያጠራቅማል።

«ዐይንን ሌንሱ ላይ ማድረግ ይበቃል»

ዐይን ጨለማን ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። አንድ ጊዜ የስልክ ነጭ ብርሃን ካዩ ልምዱ ይበላሻል፤ ካርታ ለማንበብ ደብዛዛ ቀይ መብራት ይጠቀሙ። ጋላክሲውን ፊት ለፊት አያፍጡበት፤ ከጎኑ ወዳለ ቦታ እያዩ እሱን ሰረቅ አድርገው ይመልከቱት፤ ደብዛዛ ብርሃን የሚይዙት ሕዋሳት የሚበዙት ከዐይን ማዕከል ውጭ ነውና። ካልታየ ቱቦውን በጣት ቀስ ብለው መታ መታ ያድርጉት፤ ዐይን የሚንቀሳቀስ ነገርን ቶሎ ይይዛል። ከዚያ መታገሥ ነው፦ ጥምዝ ክንዶች ያሏት ጋላክሲ ኤም 51 መጀመሪያ ሁለት ደብዛዛ ነጠብጣብ ትመስላለች፤ በጨለማ ሰማይ፣ በሰፊ መስታወት፣ ደቂቃዎች ሲያልፉ ክንዶቿ ብቅ ማለት ይጀምራሉ። ያ ቅጽበት ለምሽቱ ድካም ሁሉ ካሣ ነው።

«የከተማን ብርሃን በማጣሪያ ማስወገድ ይቻላል»

ማጣሪያ የሚረዳው በጥቂት የተወሰኑ የብርሃን ዓይነቶች ብቻ ለሚያበሩ የጋዝ ኔቡላዎች (በሕዋ ላሉ የጋዝ ደመናዎች) ነው። የጋላክሲ ብርሃን የከዋክብት ብርሃን ነው፤ ሁሉም ቀለም አለበት። ማጣሪያው ሰማዩን ሲያጨልም ጋላክሲውንም ያጨልመዋል። መፍትሔው ከከተማ ርቆ፣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት፣ ጋላክሲው ከአድማስ ከፍ ሲል ማየት ነው።

«ትንሽ መሣሪያ ሩቁን አያሳይም»

2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት የምትርቀው አንድሮሜዳ በጨለማ ሰማይ በባዶ ዐይን ትታያለች። 12 ሚሊዮን ገደማ የሚርቁት ጋላክሲዎች ኤም 81 እና ኤም 82 በባይኖኩላር ይገኛሉ። በሰንቡላ ኅብረ ከዋክብት ያለው ኳሳር (እጅግ የሚያበራ የሩቅ ጋላክሲ እምብርት) 3ሲ 273 ደግሞ በባለ 200 ሚሊ ሜትር ቴሌስኮፕ ይያዛል፤ ብርሃኑ 2 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ተጉዟል፤ ሲነሳ በምድር ላይ የነበረው ሕይወት ረቂቅ ተሕዋስያን ብቻ ነበር። መልኩ ከተራ ኮከብ ስለማይለይ፣ በዙሪያው ያሉትን ከዋክብት አንድ በአንድ ከዝርዝር ካርታ ጋር ያመሳክሩ።