ስለ ግንድ ጀልባ ጉዞ የሚባለውና እውነታው

ሎግ ፍሉም የሚባለው የመዝናኛ ፓርክ ጨዋታ ለብዙዎች እንግዳ አይደለም። ተቦርቡሮ የተጠረበ ግንድ የሚመስል ጀልባ ላይ ሰዎች አንዱ ከሌላው ኋላ ይቀመጣሉ፤ ጀልባው ጠባብ ቦይ ውስጥ እየተንሳፈፈ ይዞራል፣ ወደ ላይ ይጎተታል፣ በመጨረሻም ቁልቁል ተምዘግዝጎ ውሃውን ይደረምሰዋል። ቀላል ነገር ይመስላል። ቀላል በመምሰሉም ሁሉም ሰው ጥሩውን ከመጥፎው የሚለይበት የራሱ መለኪያ አለው፤ ከመለኪያዎቹ ብዙዎቹ ግን ሲፈተሹ አይቆሙም። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ቁልቁለቱ የረዘመው ይበልጣል»

የስህተቶቹ ሁሉ አባት ይህ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ሒሳቡ ራሱ አይደግፈውም። 15 ሜትር ከፍታ ያለውና በ45 ዲግሪ ያዘነበለ ቁልቁለት፣ ሰበቃን ትተን ብናሰላው፣ ጀልባውን ታች ሲያደርሰው ፍጥነቱ በሰዓት 62 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለመውረድ ሁለት ሰከንድ ተኩል ይፈጅበታል። ከፍታውን እጥፍ አድርገን 30 ሜትር ብናደርሰው ፍጥነቱ እጥፍ አይሆንም፤ 87 አካባቢ ላይ ይቆማል። በጊዜው ላይ የተጨመረው ደግሞ አንድ ሰከንድ ብቻ ነው። አዎ፣ አንድ ሰከንድ! ለእሷ ሲባል ብረቱም፣ ፓምፑም፣ መሠረቱም አብሮ ይገዝፋል።

ናትስ ቤሪ ፋርም በተባለው የካሊፎርኒያ መዝናኛ ፓርክ ትልቁና ትንሹ በአንድ ግቢ ኖረዋል። በ1969 የተከፈተውና ዛሬ ቲምበር ማውንቴን የሚባለው የግንድ ጀልባ የመጨረሻ ቁልቁለቱ 13 ሜትር ገደማ ነው፤ አሁን ባለው ሚዛን ትንሽ የሚባል። በ2000 እዚያው ፓርክ ፔሪለስ ፕላንጅ የተባለ፣ 35 ሜትር ከፍታና 75 ዲግሪ ማዘንበል ያለው ግዙፍ የውሃ ጨዋታ መጣ። ጀልባው ሰፊ ነበር፣ ግንድ አይመስልም፤ የሚያቀርበው ግን ያንኑ መውደቁን ነበር። መውጣት፣ መዞር፣ መውደቅ፣ በቃ። በ2012 ተዘጋ። ትንሹ ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎት አሁንም ተሳፋሪ ያወርዳል። ትልቁ የተዘጋው በቁመቱ ነው ማለቴ አይደለም። እኔ የማየው ትንሹ ለምን እንደኖረ ነው። ንድፉን ያወጣው ባድ ኸርልበት ሰው ሠራሽ ተራራ ገንብቶ ጀልባውን ውስጥ ለውስጥ አሳልፎታል፤ በድቅድቅ ጨለማ መካከል እንጨት የሚቆርጡና የሚሰነጥቁ ሰዎች ምስል ብቅ ይላል፣ ከዚያ ድንገት ብርሃን፣ ከዚያ እንደገና ጨለማ። ሰው ከወረደ በኋላ የሚያወራው ነገር አለው።

«ቁልቁለቱ ቀጥ ባለ ቁጥር ጀልባው ይፈጥናል»

አይፈጥንም። ታች የሚደርስበትን ፍጥነት የሚወስነው በዋናነት ከፍታው ነው። ማዘንበሉ የሚለውጠው ስሜቱን ነው፤ በተለይ ጫፉ ላይ አፍንጫው ሲደፋ ከመቀመጫው ብድግ የሚያደርገውን፣ ሆድ ውስጥ ባዶ የሚሆነውን ቅጽበት። በጀርመኑ ፋንታዚያላንድ ፓርክ በ2014 የተከፈተው ቺያፓስ በ53 ዲግሪ ይወርዳል፤ ከፍታው ግን ከዓለም ትልቁ አይደለም። ያም ሆኖ ብዙዎች ከምርጦቹ ተርታ ያስቀምጡታል፤ በእኔ እምነት በዲግሪው ብቻ ሳይሆን ከአንድ በላይ ቁልቁለት ስላለውና መሃል ላይ ተሳፋሪውን ወደ ኋላ ስለሚነዳው ነው።

«ውሃው ለጌጥ ነው፤ ጀልባውን የሚወስደው ሐዲድ ነው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የጨዋታው ነፍስ ያለው እዚህ ነውና። ጀልባው ከሥሩም ከጎኑም ትንንሽ ጎማዎች አሉት፤ ሲጎተት በላስቲክ ቀበቶ ወይም በሰንሰለት ይወጣል፣ ቁልቁለቱ ላይም በጎማው የሚወርድባቸው አሉ። ቦዩ ውስጥ ግን በእውነት ይንሳፈፋል። ሞተር የለውም። ቦዩ ለዓይን በማይታይ መጠን ስላዘነበለ ውሃው ይፈሳል፣ ጀልባውን ይዞት ይሄዳል። ግዙፍ ፓምፖች ከታች ካለው ገንዳ ውሃውን ወደ ላይኛው ቦይ ይገፉታል፣ ውሃው ዞሮ ወደ ገንዳው ይመለሳል። ሌሊት ፓምፖቹ ሲጠፉ በቦዩ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ ታች ስለሚወርድ ገንዳው ያንን ሁሉ የሚችል ሆኖ መሠራት አለበት። ጠዋት ፓርኩ ሳይከፈት ያየው ሰው ገንዳው ሞልቶ ቦዩ ደርቆ ያገኘዋል።

ጥሩውና መካከለኛው የሚለዩት እዚህ ነው። ጀልባው ነፃ ስለሆነ መታጠፊያ ላይ ግድግዳውን ገጭ አድርጎ ይመለሳል፣ አፍንጫው ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይላል፣ ሰዎቹ ከባድ ከሆኑ ጠለቅ ብሎ ይሄዳል። ሁለት ጉዞ ፍጹም አንድ አይሆንም። ውሃው ሲያንስ ጀልባው ወለሉን ይፍቃል፤ ሲበዛና ሲፈጥን ደግሞ ጉዞው ጥድፊያ ይሆናል። አንዳንድ አዳዲስ ሥራዎች ሁሉን ነገር ከመቆጣጠር ብዛት ይህን መወላወል አጥፍተውታል፤ ለእኔ ያ ውሃ ላይ የሚሄድ ባቡር ነው።

ታች ያለው ትልቁ ርጭትም ለፎቶ ብቻ የተደረገ አይደለም። ፍሬኑ እሱ ነው። ጀልባው ወደ ጥልቁ ውሃ ሲገባ የነበረውን ጉልበት ውሃውን ለመግፋትና ለማንሳት ይጨርሰዋል። የውሃው ጥልቀት ትንሽ ቢቀየር ጀልባው ወይ ሳይበርድለት ወደሚቀጥለው መታጠፊያ ይሮጣል፣ ወይ ተሳፋሪውን ወደ ፊት ገፍትሮ በድንገት ይቆማል። ውሃው ልክ ሲሆን ግን ጀልባው ልስልስ ብሎ ይበርድና እንደገና መንሳፈፍ ይጀምራል። ይህን ማስተካከል ትልቅ ሙያ ነው፤ ማንም አያጨበጭብለትም እንጂ።

«ይበልጥ ያራሰ ይበልጥ ያስደስታል፤ ከፊት የተቀመጠውም የባሰ ይርሳል»

በሁለት ስህተት የታጨቀ አባባል። የሚረጨው ውሃ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው የጀልባው አፍንጫ ቅርጽ ነው። ወደ ውጭ የተገለበጠ ከንፈር ያለው አፍንጫ ውሃውን በሁለቱም ጎን ይጥለዋል፤ ዱልዱምና ዝቅ ያለው ይቀበለዋል። ክብደቱ ከፊት ከበዛ አፍንጫው ይሰምጥና የፊተኛው ዋጋውን ያገኛል። አለበለዚያ ውሃው ቅስት ሠርቶ ከፊተኛው ራስ በላይ አልፎ መሃል ወይም ኋላ የተቀመጠው ጭን ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ከፊት ሰው ጀርባ ተደብቄያለሁ ብሎ የሚስቀውን ማለት ነው።

መርጠብስ? ባልዲ ውሃ ከላይ መድፋት ማንም ይችላል። ደስ የሚለው የት እንደሚመጣ ሳይታወቅ፣ በልክ ሲመጣ ነው። አንዴ ፊት ላይ ፍንጥቅ፣ አንዴ ዳር ላይ የሚያልፍ ፏፏቴ የነካኝ አልነካኝም የሚያሰኝ፣ በመጨረሻ ዋናው። እስከ ካልሲ የራሰ ሰው ቀኑን ሙሉ ሌላ ነገር ላይ መሳፈር ያስጠላዋል። ልብሱ ብዙም ሳይርስ የሚወጣ፣ ፊቱን እየጠረገ የሚስቅ ሰው ግን ተመልሶ ወረፋ ይይዛል።

«ዝግ ያለው ክፍል ቁልቁለቱ እስኪደርስ ጊዜ መግፊያ ነው»

እኔ ተቃራኒውን ነው የምለው፤ ቁልቁለቱ የዝግታው ማሳረጊያ ነው። በ1989 በካሊፎርኒያው ዲዝኒላንድ የተከፈተው ስፕላሽ ማውንቴን አሥር ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ ጉዞ ነበር፤ የመጨረሻው ቁልቁለት ደግሞ 16 ሜትር ገደማ፣ በሰከንዶች የሚያልቅ። ሰዎች ግን የዘጠኙን ደቂቃ ሙዚቃና አሻንጉሊት ነው በቃላቸው የያዙት። በመንገዱ ትንንሽ ቁልቁለቶች አሉ፤ ተሳፋሪው «ይሄ ነው!» ብሎ ይጨብጣል፣ አይደለም። ዘና ሲል ሌላ ይመጣል። በ2023 ተዘግቶ በ2024 በሌላ ጭብጥ እንደገና ሲከፈት ቦዩንና ቁልቁለቱን ብዙም አልነኩትም፤ የለወጡት በመንገዱ ላይ ያለውን ታሪክ ነው።

በእንግሊዝ ብላክፑል በ2000 የተከፈተው ቫልሃላ ደግሞ ነገሩን ወደ ቤት ውስጥ አስገባው። በጨለማ፣ በእሳትና በብርድ መካከል ያስኬዳል፤ ተሳፋሪው ቀጥሎ ምን እንዳለ አያይም። ካላየ ደግሞ ማንኛውም ቁልቁለት ትልቅ ነው።

«ሐሳቡን የፈጠሩት ፓርኮች ናቸው»

መነሻው ሥራ ነው። በአሜሪካ ተራሮች ግንድና ጣውላ በውሃ ቦይ ይወርድ ነበር። መጀመሪያ ቦዩ ወለሉ ጠፍጣፋ ሳጥን ስለነበር እንጨት በየቦታው እየተሰነቀረ ያስቸግራል። በ1860ዎቹ መጨረሻ በኔቫዳ ጄምስ ሄይንስ ሁለት ጣውላ ወደ ታች ሾጠጥ አድርጎ ገጠመ። እንዲህ ባለ ቦይ አንድ ግንድ ቢሰነቀር ውሃው ከኋላው ይጠራቀማል፣ ከፍ ይላል፣ ራሱ አንሳፍፎ ይወስደዋል። በ1875 ሀብታሞቹ የማዕድን ባለቤቶች ጄምስ ፌርና ጄምስ ፍለድ 24 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ቦያቸው ላይ ራሳቸው ተሳፍረው ወርደዋል። ፓርኮቹ የደረሱት ዘግይተው ነው፤ የመጀመሪያው ዘመናዊ የግንድ ጀልባ፣ ስሙ በስፓኒሽ «መጋዝ ቤት» ማለት የሆነው ኤል አሴራዴሮ፣ አሮው ዴቨሎፕመንት በተባለ ኩባንያ ተሠርቶ በ1963 በቴክሳስ ተከፈተ።

«ያው ውሃ ነው፣ ቢወድቁም አይጎዳም»

ይህ አባባል አደገኛ ነው። በ2001 ከላይ ካነሳሁት ፔሪለስ ፕላንጅ አንዲት ተሳፋሪ ወድቃ ሞታለች። በተራ ግንድ ጀልባ ላይ ደግሞ ቀበቶ የሌለው ብዙ ነው፤ ደኅንነቱ የተመሠረተው ሰው ዝቅ ብሎ በመቀመጡ ላይ ነው። የቆመ ሰው ጀልባውንም ራሱንም ሚዛን ያሳጣል።

«ጨዋታው የሚጀምረው ስንሳፈር ነው»

በደንብ የታሰበበት የግንድ ጀልባ ከሩቅ ይጀምራል። ወረፋው ቦዩን እየተሻገረ፣ ከቁልቁለቱ ሥር እያለፈ ይጠመዘዛል፤ የሌሎቹን ጩኸት እየሰሙ መጠበቅ ግማሹ ነው። ድልድዩ ላይ ቆመው የሚያዩትም አይቀርላቸውም። አፍንጫው ውሃውን ወደ ውጭ በሚጥል ጀልባ ተሳፋሪው ደርቆ ያልፍና፣ ፎቶ ሊያነሳ ዳር ላይ የቆመው ዘመዱ ከራስ እስከ እግሩ ይርሳል።